ቦክስ ፋይል ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ያዙ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የአምስት ቀን ሥልጠና 60 ሪንግ ባይንደር አሳተምን። ሽፋኑ ያምራል። ሎጎው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሥልጠናው ሊጀመር አንድ ሌሊት ሲቀረው ቁጭ ብለን ወረቀቱን መሙላት ጀመርን። የመጀመሪያው ባይንደር አልዘጋ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቀለበቱ አፉን ከፍቶ ቀረ።

የሠራልን ማተሚያ ቤት ጥፋት አልነበረበትም። ያዘዝነውን ነው የሰጠን። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የቆጠርኩት ወረቀቱን ብቻ ነው። የፕላስቲክ ኪሱን፣ መለያያ ካርዱን፣ ሰልጣኙ በየቀኑ የሚጨምረውን ማስታወሻ ጭራሽ አላሰብኩትም። በማግስቱ ጠዋት 60 ሰው ግማሹን ጽሑፍ በባይንደር፣ ግማሹን በብብቱ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ ሳልይዝ ባይንደር አልገዛም፣ አላዝምም።

ቦክስ ፋይል ወይስ ሪንግ ባይንደር?

ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብታችሁ "ፋይል አለ?" ብትሉ ሻጩ ሦስት አራት ዓይነት ነገር ያወጣላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ቦክስ ፋይል የምንለው ወፍራሙን ነው። ጀርባው ላይ ክብ የጣት ቀዳዳ አለው። ውስጡ ያለው ብረት በማንሻ ይከፈታል። ሪንግ ባይንደር ደግሞ ቀለል ያለው፣ ቀለበቶቹ በጣት ጠቅ ብለው የሚከፈቱት ነው።

የሁለቱም አገራቸው ጀርመን ነው። ፍሪድሪክ ዞኔከን የሚባል የቦን ሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1886 ወረቀት መብሻውንና ማኅደሩን ይዞ ብቅ አለ። በ1896 ሉዊ ላይትስ የሚባል የሽቱትጋርት ሰው ባለ ማንሻውን አሻሽሎ ዛሬ የምናውቀውን ቦክስ ፋይል ሠራ። ያቺ የጣት ቀዳዳ የተጨመረችው በ1911 ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። መደርደሪያ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ከተደረደሩ አሥራ አምስት ፋይሎች መሃል ቀዳዳ የሌለውን አንዱን ለመሳብ የታገለ ሰው ግን ዋጋዋን ያውቃል።

ምርጫው ቀላል ነው። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ቆሞ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቦክስ ፋይል። ተሸክማችሁት የምትሄዱ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የምትገላልጡት ከሆነ ሪንግ ባይንደር። ለደረሰኝ፣ ለደብዳቤ፣ ለሠራተኛ ማኅደር የመጀመሪያው ይሻላል። ለሥልጠና ጽሑፍ፣ ለአሠራር መመሪያ፣ ለዋጋ ዝርዝር ሁለተኛው።

መጀመሪያ ክመሩት፣ ከዚያ ለኩት

የምታስቀምጡትን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ክመሩ። በእጃችሁ ጫን አድርጉና ውፍረቱን በማስመሪያ ለኩ። ወረቀቱ ገና ካልታተመ በስሌት መሄድ ይቻላል። ተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት (80 ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ነው) አንዱ ቅጠል የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ 100 ቅጠል 1 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ሙሉ ደስጣ፣ ማለትም 500 ቅጠል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅጠል ነው ያልኩት፣ ገጽ አላልኩም። ፊትና ጀርባ የታተመ 200 ገጽ 100 ቅጠል ነው።

አሁን እኔ የተሞኘሁበት ጋ ደረስን። ወረቀቱን በፕላስቲክ ኪስ የምታስገቡት ከሆነ ልኩን በሁለት አባዙ። የኪሱ ሁለት ገጽታ ተደምሮ የአንድ ወረቀት ውፍረት አለው፤ ውስጡም አየር ይቀራል። በየኪሱ አንድ አንድ ቅጠል የገባበት 100 ኪስ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች አይጠብቅም። መለያያ ካርዶቹን ጨምሩበት። ከዚያ በሚመጣው ዓመት ይጨመራል የምትሉትን ገምቱና ጨምሩበት። በመጨረሻ ከቀለበቱ ቢያንስ ሩቡ ባዶ እንዲቀር አድርጉ። ጢም ብሎ የሞላ ባይንደር ገጹ አይገለጥም፤ ሲገለጥም ቀዳዳው ጋ ይቀደዳል።

አንድ ማሳሰቢያ። ሻጩ "25 ሚሊ ነው" ሲላችሁ የቱን እንደሆነ ጠይቁ። የቀለበቱ ውስጥ 25 ከሆነ የፋይሉ ጀርባ ከዚያ ይሰፋል። ጀርባው 25 ከሆነ ግን ቀለበቱ በጣም ያንሳል። ክርክር አያስፈልግም። ክፈቱትና ቀለበቱን ራሱን ለኩት።

ክብደቱንም አትርሱ። አንድ ኤ4 ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። 500 ቅጠል 2 ኪሎ ተኩል፣ ሽፋኑና ብረቱ ሲጨመር ከ3 ኪሎ አይርቅም። አሥር ቦክስ ፋይል የተደረደረበት ቀጭን የቺፑድ መደርደሪያ መሃሉ የሚጎብጠው ለዚህ ነው። በየቀኑ ይዛችሁት የምትወጡ ከሆነ አንድ ወፍራም ከመግዛት ሁለት ቀጫጭን ግዙ።

የቀለበቱ ቅርፅ

ክብ ቀለበት ርካሽ ነው፤ በየሱቁም ይገኛል። ገጹ ዙሪያውን ይዞራል። ለትንሽ ወረቀት ጥሩ ነው። ሲሞላ ግን ወረቀቱ ክቡን ተከትሎ ይጎብጣል፤ ጠርዙም አይስተካከልም። በላቲኑ ዲ ፊደል ቅርፅ የተሠራው ቀጥ ያለ ጎን ስላለው ወረቀቱ ተደርድሮ ይተኛል፤ በተመሳሳይ ልክ ከክቡ የበለጠም ይይዛል። ይሄኛው ቀለበት የሚመታው ጀርባው ላይ ሳይሆን የኋላው ሽፋን ላይ ነው። እዚያ ላይ ካላያችሁት ሠሪው አሳስቶታል።

ከ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ወረቀት ካላችሁ የዲውን ቅርፅ ውሰዱ እላለሁ። የዋጋው ልዩነት በአንድ ወር ውስጥ ይረሳል፤ የጎበጠው ወረቀት ግን አይረሳም።

ስትገዙ ቀለበቱን ዝጉትና ወደ መብራት ያዙት። ጥርሶቹ በሚገናኙበት ቦታ ብርሃን ካሳየ ተዉት። ከዚያ አንድ ወረቀት አስገብታችሁ ወዲያ ወዲህ አንሸራትቱት። መገጣጠሚያው ላይ ቆም ቆም ካለ ነገ ገጻችሁን የሚቀደው እሱ ነው።

ቀዳዳው ስንት ነው?

እዚህ አገር ቢሮ ውስጥ ያለው ፓንቸር ሁለት ቀዳዳ ነው የሚበሳው። በቀዳዳዎቹ መሃል 80 ሚሊ ሜትር አለ። ቦክስ ፋይሉም የተሠራው ለዚሁ ነው። ባለ አራት ቀለበት ባይንደር ወረቀቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ቶሎም አያስቀድድም። ነገር ግን በሁለት የተበሳ ወረቀት አይገባበትም፤ ዳርና ዳር ያሉት ቀለበቶች ይከለክሉታል። ባለ አራት ካዘዛችሁ በአራት የሚበሳ ፓንቸር አብራችሁ ፈልጉ። አለዚያ ዳሩ ላይ ብዙ ቀዳዳ የተደረደረበትን የፕላስቲክ ኪስ ተጠቀሙ። እሱ ለሁለትም ለአራትም ይሆናል።

ስትበሱ ወረቀቱን መሃል ለመሃል ትንሽ እጠፉና ጠርዙ ላይ ምልክት ይውጣ። ምልክቱን ከፓንቸሩ ቀስት ጋር አገጣጥሙ። ይህን ያላደረገ ሰው ፋይል ከሩቅ ይታወቃል፤ አንዱ ወረቀት ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

አሜሪካ ያለች እህታችሁ ሻንጣ ውስጥ ቆንጆ ባይንደር ብትልክላችሁ ደግሞ ከመደሰታችሁ በፊት ቀለበቱን ቁጠሩ። የእነሱ ሦስት ነው። በመካከላቸው ያለውም ርቀት 108 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀታቸውም ሌላ ነው፦ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። የእኛ ኤ4 210 በ297 ስለሆነ በቁመት 18 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በሽፋኑ አናት ወይም ግርጌ ብቅ ይላል። እዚያ ለምትኖሩም ችግሩ ያው ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣው የምስክር ወረቀት ከባይንደሩ ይተርፋል። በመቀስ እንዳታስተካክሉት። ብዙ ጊዜ ማኅተሙና ፊርማው ያለው ከታች ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ብዙ አትቸገሩም። ስዊድን ያላችሁ ብቻ ተጠንቀቁ፤ እነሱ የራሳቸው የሆነ ባለ አራት ቀዳዳ አሠራር አላቸው፣ ከሌላው አይገጥምም።

ኦሪጅናል አይበሳም

ይህን ለብቻው የጻፍኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ቀን በጥድፊያ የራሴን የልደት ምስክር ወረቀት ከኮፒዎቹ ጋር ደርቤ ፓንቸር ውስጥ አስገባሁት። ከሁለቱ ቀዳዳ አንዱ ክብ ማኅተሙ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ወረፋ ልተወው።

የቤት ካርታ፣ ዲግሪ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የውርስ ውሳኔ፣ ኦሪጅናል ውል በፕላስቲክ ኪስ ይገባል እንጂ አይበሳም። ኪሱ አፉ ወደ ላይ ይሁን። ኪስ የገባበት ፋይል ሽፋኑ ሰፋ ማለት አለበት፤ ኪሱ ከኤ4 ስለሚሰፋ በጠባብ ሽፋን ዳሩ ይወጣና ይታጠፋል። መለያያ ካርዱም ከኪሱ የሰፋ ካልሆነ ጆሮው፣ ማለትም ርዕስ የሚጻፍበት ብቅ ያለው ጫፍ፣ ተደብቆ ይቀራል።

ላሚኔት ማስደረግንም እኔ አልደግፍም። "እንዳይበላሽ" ብለው ዲግሪያቸውን በፕላስቲክ ያሸጉ ሰዎች አሉ። ነገ ለውጭ አገር ሰነዱ ይረጋገጥ ሲባል ማኅተሙ የት ይረፍ? ፕላስቲክ ላይ አይረግጥም። ላሚኔት ደግሞ ሳይጎዱ የሚላጥ ነገር አይደለም።

የኪሱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ለስላሳ፣ ተጣጣፊ፣ የላስቲክ ሽታ ያለው ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። ቆይቶ የፎቶኮፒውን ቀለም ይስባል። ስትከፍቱት ግማሹ ጽሑፍ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ፖሊፕሮፕሊን የሚባለው ይህ ችግር የለበትም፤ ለዓመታት ለሚቀመጥ ሰነድ እሱን ጠይቁ። የባይንደር ሽፋንም እንደዚሁ ነው። ጠንካራ ካርቶን በፒቪሲ የተለበጠው ያምራል፣ በደረቅ ጨርቅም ይጠረጋል፤ ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ በቀጥታ እንዳይነካው አንድ ባዶ ወረቀት ጣል አድርጉ።

ክረምት ላይ ደግሞ ፋይል ሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥም። እርጥበቱ ካርቶኑን ያሳብጣል፣ ብረቱን ያዝጋል፣ ዝገቱም ወረቀቱ ላይ ቡናማ ክብ ይተዋል።

መለያያው የአማርኛ ይሁን

ብዙ ሰው ሽፋን ሲመርጥ ይውልና መለያያ ካርዱን ያገኘውን ያነሳል። እኔ ግን ፋይል ሠራ የሚባለው እዚህ ነው ባይ ነኝ።

ገበያ ላይ ያለው የተዘጋጀ መለያያ ሦስት ዓይነት ነው፦ በላቲን ፊደል፣ ከ1 እስከ 12፣ ከ1 እስከ 31። ሦስቱም ለእኛ አልተሰፉም። ወራታችን 13 ናቸው። ባለ 12ቱን የገዛ ሰው የጳጉሜን ደረሰኝ ነሐሴ ውስጥ ይወሽቀዋል፤ ሒሳብ ሲዘጋ ደግሞ ይፈልገዋል። ባለ 31ዱን ብትገዙ በየወሩ አንድ ካርድ ሥራ ፈት ነው። ተራ ባለ ቀለም መለያያ ገዝታችሁ ጆሮው ላይ ራሳችሁ ጻፉ። የመንግሥት በጀት ዓመትን የሚከተል መሥሪያ ቤት ወይም ፕሮጀክት ከሆናችሁ መጀመሪያው ካርድ መስከረም ሳይሆን ሐምሌ ይሁን። ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነውና።

በስም የምትለዩ ከሆነ በራሱ በሰውየው ስም እንጂ በአባቱ ስም አትለዩ። ይህን የምለው ከውጭ የመጣ የኮምፒውተር ቅጽ "የቤተሰብ ስም" እያለ ስንቱን ማኅደር ስላደበላለቀ ነው።

ከዚያ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ አለ። አንዱ ሰው ራሱን "ኃይሉ" ብሎ ይጽፋል። ደመወዝ ክፍል "ሀይሉ" ይለዋል። የሕክምና ወረቀቱ "ሐይሉ" ይላል። በፊደል ተራ ሀ መጀመሪያ ነው፣ ሐ ሦስተኛ፣ ኀ ከቸ በኋላ። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። መፍትሔው አንድ ደንብ መወሰን ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉም ሀ ሥር። ሠ እና ሰ ሁለቱም ሰ ሥር። ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ማኅደሩ ላይ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይጻፍ፤ ቦታው ግን በደንቡ ይሁን። ደንቡን አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ አድርጉት፤ እናንተ ፈቃድ ስትወጡ የሚተካችሁ ሰው እንዳያምሳችሁ።

ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ካርድ አያስፈልግም። ለመቶ ያህል ሰው እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው፦ ሀ–ረ፣ ሰ–ቀ፣ በ–ቸ፣ ነ–ኘ፣ አ ብቻውን፣ ከ–የ፣ ደ–ገ፣ ጠ–ፐ። አ ለብቻው የሆነው አበበም፣ አልማዝም፣ እሸቱም፣ ኤልሳቤጥም እዚያ ስለሚገቡ ነው። ገብረና ወልደ የሚበዙበት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ገ እና ወ ራሳቸውን ይችላሉ።

ማሳተም የግድ ከሆነ

ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ አታሳትሙ። ከውጭ በኩል ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ ያለው ባይንደር አለ። በቀለም ያሳተማችሁትን ወረቀት ፊቱና ጀርባው ላይ ሰክታችሁ ትጨርሳላችሁ። ስም ሲቀየር ወይም ዓመት ሲለወጥ ወረቀቱን ብቻ መለወጥ ነው። የምትሰኩትን ወረቀት ከኪሱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አሳንሱት፤ ልክ በልኩ ከሆነ ይጨማደዳል።

ብዙ ከሆነና በራሳችሁ ሎጎ ይሠራ ካላችሁ ግን ለማተሚያ ቤቱ እነዚህን በጽሑፍ ስጡ፦ የቀለበቱን የውስጥ ልክ፣ ቅርፁን፣ ብዛቱን፣ ወረቀቱ ኤ4 መሆኑን፣ በፕላስቲክ ኪስ መግባት አለመግባቱን፣ የካርቶኑን ውፍረት፣ የሽፋኑን ቀለም ከናሙና ጋር። በስልክ "ሰማያዊ ይሁን" ማለት አይበቃም፤ ሰማያዊ ብዙ ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ፎንቱ ከሌለ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲዛይኑን የሠራው ልጅ ፊደሉን ወደ ቅርፅ ቀይሮ በፒዲኤፍ ይስጣችሁ። ያንን ፒዲኤፍ አትማችሁ፣ ቢሮ ውስጥ ስፔሊንግ ሲሳሳት ዓይኑ ቶሎ ለሚያይ ሰው ስጡት። እንዲህ ዓይነት ሰው በየቢሮው አንድ አይጠፋም፤ በሌላ ጊዜ ያናድዳል፣ ያን ቀን ግን ቡና ግዙለት።

ጽሑፉ ሽፋኑ ከሚታጠፍበት መስመር ይራቅ። ጀርባው ላይ የሚጻፈው አጭር ይሁን፦ የክፍሉ ስም፣ ርዕሱ፣ ዓመቱ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ "ዓ.ም."፣ በፈረንጅ ከሆነ "እ.ኤ.አ." የሚለው ይጻፍበት። 2017 ብቻ የሚል ፋይል የየትኛው 2017 እንደሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያውቅ የለም። ጀርባው ጠባብ ሆኖ ጽሑፉን ማዞር ካስፈለገ ፋይሉ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲተኛ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ አዙሩት። ሁሉም ፋይሎች ላይ አንድ ዓይነት ካልሆነ ፈላጊው አንገቱን ወዲህና ወዲያ ሲያዞር ይውላል።

ሙሉ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አንድ ናሙና አሠሩ። ያንን ናሙና ባዶውን አትመልከቱት። እውነተኛውን ወረቀት፣ ኪሱን፣ መለያያውን በሙሉ አስገቡበት። ዝጉት፣ ገልጡት፣ መደርደሪያ ላይ አቁሙት። ከዚያ ገልብጣችሁ በሁለት እጃችሁ ያዙና ነቅንቁት። ቀለበቱ ካልተከፈተና ወረቀት ካልወደቀ የቀሩትን 59 እዘዙ።